«ይሄን ማን ጻፈው?» የአሳ ቻናሌ ማስታወሻ፣ ከባህር ዳር

ግንቦት 6

ማታ አባዬ መረቡን ይጠግናል፣ እኔ አጠገቡ ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ። የቴሌግራም ቻናሌ ላይ የለጠፍኩትን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ዋው! ኦሪጅናል የሴቶች ጫማ! ልዩ ቅናሽ! ውስን ፍሬ ብቻ ነው የቀረን! ፈጥነው ይዘዙ!»

ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄን ማን ጻፈው?» አለኝ።

እኔ ነኝ አልኩት።

«አንቺ እንደዚህ አታወሪም እኮ» አለና ወደ መረቡ ተመለሰ።

ክፉ አላሰበም። ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ጫማውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ፎቶው አዲስ አበባ ካለ የጅምላ ነጋዴ ነው የመጣው፣ ጽሑፉም አብሮ። ስንት ፍሬ እንደቀረ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ በማላውቀው ዕቃ ላይ በሰው ቃል ስጮህ ኖሬያለሁ። ይሄን ደብተር የጀመርኩት ለዚህ ነው። በራሴ አፍ፣ የማውቀውን ነገር፣ ለሚፈልገው ሰው መሸጥ ይቻል እንደሆነ ልሞክረው ነው። የሆነውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ።

ግንቦት 9

ቻናሉን ቆጠርኩት። 1,140 አባላት አሉ። ቴሌግራም እያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር፣ ከዓይኗ ምልክት አጠገብ፣ ስንት ጊዜ እንደታየ ያሳያል። የእኔ 60 አካባቢ ነው። ምክንያቱ አይጠፋኝም። ከአባላቱ 800 ያህሉን አምና በብር ነው የገዛኋቸው። አባል የሚሸጥ ሰው አለ፣ ብሩን ስትልኪለት በአንድ ሌሊት ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከዚያ በኋላ ማንም አያነብም፣ ማንም አይጠይቅም። ሰው ስላልሆኑ።

እና ምን ልሽጥ? ራሴን አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። ሳልዘጋጅ፣ ሳላነብ፣ ለአንድ ሰዓት ማውራት የምችለው ስለምንድን ነው? ሌላ ምንም አልመጣልኝም። አሳ ነው። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ጀልባ ስጠብቅ ነው ያደግኩት። ቅርፊት እየጠረግኩ ነው የቤት ሥራዬን የሠራሁት። እስከዛሬ ግን ቻናሌ ላይ ስለ አሳ አንድ ቃል ጽፌ አላውቅም። ሰው «የአሳ ሽታ» ይለኛል ብዬ እፈራ ነበር።

ግንቦት 11

የድሮውን ቻናል ዘጋሁት። ከዜሮ አዲስ ከፈትኩ። ሦስት ነገር ለራሴ ቃል ገባሁ፦ በዚያ ሳምንት በዓይኔ ያላየሁትን አልጽፍም፣ ያላነሳሁትን ፎቶ አልለጥፍም፣ አባዬ ፊት ማንበብ የማልደፍረውን አልልክም።

ግንቦት 15

የመጀመሪያው ጽሑፍ። ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። «ጣና በስፋቱ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ትልቁ ሲሆን፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል...» እያለ ይቀጥላል።

22 ሰው አየው። አንድም ሰው አልጻፈልኝም። የጻፍኩት አንዱም ሐሰት አይደለም። ግን የተማሪ ቤት ድምፅ ነው ያለው። ፊት የሰው ቃል ተውሼ ነበር፣ አሁን የመማሪያ መጽሐፍ ቃል ተዋስኩ።

ማታ አባዬን ጠየቅኩት። ስለ ሐይቁ አንድ ነገር ንገረኝ ብትባል ምን ትላለህ? ትንሽ አሰበ። «ጣና ስፋቱን አይተሽ ጥልቅ ይመስልሻል። ጥልቅ አይደለም። ለዚህ ነው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ቶሎ የሚቆጣው። እኔ ሁልጊዜ ከምሳ በፊት የምገባው ለዚያ ነው።» ኋላ ሳጣራ አማካይ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 9 ሜትር ነው። ቁጥሩ አባዬ ከተናገረው ጋር ሲገጥም ሌላ ነገር ሆነ። «አሳችሁ ለምን ጠዋት ብቻ ይመጣል?» ብዬ እንደገና ጻፍኩት። ስድስት መስመር ብቻ ነበር። ሁለት ሰዎች «ነገ ስንት ነው?» ብለው ጻፉልኝ።

ግንቦት 22

ዛሬ አንድ መላ አገኘሁ። ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ እጄ ይተሳሰራል። ስናገር ግን አልተሳሰርም። እናም ጠዋት ጀልባዎቹ ከሚያራግፉበት ቦታ ስልኬን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ድምፅ ቀዳሁ። አንዲት እናት ቀረሶ (ቅርፊት ያለው አሳ ነው፣ ቲላፒያ የሚባለው) ሊገዙ መጥተው፣ ትኩስ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ ብለው ጠየቁኝ። የመለስኩላቸው ይሄ ነው። ቤት ገብቼ የራሴን ቃል ብቻ እንዳለ ገለበጥኩት።

«እማማ፣ መጀመሪያ ዓይኑን ይዩት። ጥርት ብሎ ወጣ ካለ የዛሬ ነው። ከጎደጎደና ነጭ ከለበሰ ያደረ ነው። አሁን ጉንጩን ገለጥ ያድርጉና ስንጥቡን ይዩ። ደም የመሰለ ቀይ መሆን አለበት። ወደ ቡናማ ከሄደ ይተዉት። ደግሞ በጣትዎ ጀርባውን ጫን ያድርጉት። ሥጋው ወዲያው ከተመለሰ ጥሩ ነው። የጣትዎ ጉድጓድ ከቀረ ከእኔም ቢሆን አይግዙ። ሽታው የውሃ ሽታ ነው መሆን ያለበት። አሳ አሳ ካለ አርጅቷል።»

ፎቶውን በአራት ከፈልኩት። ዓይን፣ ስንጥብ፣ የጣቴ ጫፍ ጀርባው ላይ፣ ከዚያ ጣቴ ሲነሳ። የጣቴ ጥፍር ሥር ቅርፊት ተሰክቶ ይታያል። ልቆርጠው አሰብኩና ተውኩት። እጄ ነዋ።

410 ጊዜ ታየ። ሰው ለሰው አስተላለፈው። ከዚህ ሁሉ ያስደሰተኝ ግን አንዲት የማላውቃት ልጅ የላከችው ነው። «ድምፅሽ ይሰማኛል» ነው ያለችው። ጽሑፍ ነው የላክሁት እኮ!

ግንቦት 29

አምባዛ። ይሄን ርዕስ ፈርቼ ነበር።

አምባዛ የሚባለው አሳ ቅርፊት የለውም። ጢም አለው፣ ቆዳው ለስላሳ ነው። በኦሪት ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም ስለሚል፣ ብዙ የኛ ሰዎች አይበሉትም። እማዬ ቤት ውስጥ አታስገባውም። የሚበሉት ደግሞ በጣም ይወዱታል፣ ለጉላሽ የሚመርጡት አሉ። ችግሩ ፊሌቶ ሲሆን ነው። ቆዳው ተገፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ ሲቀርብ ብዙ ሰው አይለየውም። በውስጥ መስመር ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀውኛል። «ቀረሶ መሆኑን በምን ልመንሽ?»

ማርኬቲንግ የሚያስተምሩት ሰዎች «እምነት ገንቢ» ይላሉ። በቃል እንዴት ነው የሚገነባው? እኔ ያደረግኩት ይሄን ነው። ፊሌቶው ጫፍ ላይ የሳንቲም ያህል ቆዳ ሳልገፍ መተው ጀመርኩ። ቅርፊቱ ቢጠረግም ቆዳው ላይ የየቅርፊቱ መቀመጫ መረብ መስሎ ይቀራል። አምባዛ ቆዳ ላይ ያ ምልክት ፈጽሞ አይገኝም። የአምባዛ ሥጋም ቀላ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ፎቶ አነሳሁ፣ ሁለቱንም በስማቸው ጠራኋቸው፣ ሁለቱንም እንደምሸጥ ጻፍኩ። አንዱንም አላጣጣልኩም።

በዚያ ሳምንት ትእዛዝ ከ4 ወደ 11 ወጣ።

ሰኔ 12

የሰዓት ነገር። አሳ እንደ ጫማ መጋዘን ውስጥ አይጠብቅም። ስለዚህ ጠዋት ለጥፌ ገዢ መፈለግ አልችልም። ማታ 2 ሰዓት እለጥፋለሁ፣ እስከ 4 ሰዓት ትእዛዝ እቀበላለሁ፣ ከዚያ ለአባዬ ቁጥሩን እነግረዋለሁ። ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ጀልባው ይገባል። አጸዳለሁ፣ በረዶ ባለው ሳጥን ውስጥ እደረድራለሁ፣ ሰፈራችን ያለ የባጃጅ ልጅ ያደርሳል። ክፍያ በቴሌብር ነው። ካልተያዘ አልተያዘም። «ዛሬ ነፋስ ነበር፣ ቀረሶ አልተገኘም» ብዬ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ላይ ይሄን ስጽፍ ሰው ይሸሸኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እንዲያውም በማግስቱ የሚያዘው ይበዛል።

ሰኔ 20

አንድ ጓደኛዬ ቶሎ 1,000 አድርሺው አለኝ። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ 1,000ና ከዚያ በላይ ተከታይ ላላቸው ቻናሎች፣ እዚያ ከሚታየው ማስታወቂያ ገቢ ግማሹን ያካፍላል። እውነት ነው። ግን እኔ 214 ተከታይና 19 ቋሚ ደንበኛ አለኝ። የ19ኙን የቤት በር አውቀዋለሁ። 1,000 ለመድረስ ብዬ የጻፍኩት ነገር እንደገና ወደ ዋው ይመልሰኛል። ትቼዋለሁ።

ሌላው ደግሞ ስለ እምቦጭ፣ ሐይቁን ስለወረረው አረም፣ አልቅሰሽ ቪዲዮ ሥሪ፣ ይሄዳል አለኝ። እምቦጭ ያስለቅሳል፣ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ መረብ ይበላል፣ ሞተር ያቆማል። ግን እንባዬን ለእይታ ብዬ አላፈስም። የሞተሩ ክንፍ ላይ የተጠመጠመውን ሥር አባዬ በቢላ ሲቆርጥ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ለጠፍኩ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ጻፍኩ። አበቃ።

ሐምሌ 3

ዛሬ ተናደድኩ። የግንቦቱን አራት ፎቶ አንድ ትልቅ ገጽ ወስዶ የራሱ አድርጎ ለጥፎታል። የኔው ጣት፣ የኔው ጥፍር! ቃሉንም ቀይሮታል። «እማማ» የሚለውን አውጥቶ «ውድ ደንበኞቻችን» ብሎበታል።

ጻፍኩለት፣ አልመለሰም። ሁለት ሰዓት ሙሉ እሱን የምሰድብበት ጽሑፍ ስጽፍ ቆየሁ። ከዚያ ለአባዬ ላንብብለት ብዬ አሰብኩ። አልደፈርኩም። ሰረዝኩት።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ደንበኛዬ ደወለች። «እህቴ፣ ጣትሽን ሰው ገጽ ላይ አየሁት» አለችኝ። ጣቴን ለየችው። ንዴቴ እዚያው ቆመ።

ሐምሌ 19

ዛሬ ያየሁትን ካልጻፍኩ አልተኛም።

አባዬ አንዲት ሴት ቀረሶ ከመረቡ ሲፈታ አፏ እብጥ ብሎ ነበር። «ነይ እይ» አለኝ። በአውራ ጣቱ ታችኛውን መንጋጋዋን ቀስ አድርጎ ሲጫን፣ ከአፏ ውስጥ ጥቃቅን አሳዎች ወጡ። የምስር ፍሬ ያህላሉ። ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ባልዲው ውስጥ ተበተኑና መልሰው ወደ እሷ አፍ መጡ። ቀረሶ እንቁላሏን የምትታቀፈው አፏ ውስጥ ነው። ሲፈለፈሉም አደጋ ሲመጣ አፏን ትከፍትላቸዋለች። ያን ጊዜ ሁሉ እሷ ምግብ እንደ ልቧ አትበላም። ስንት ዓመት አሳ ሳጸዳ ይሄን ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ ዘንድ የሚደርሰው ከሞተ በኋላ ነዋ።

አባዬ ባልዲውን ይዞ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገባና ለቀቃት። ከነልጆቿ።

የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። ምንም ዋጋ አልጻፍኩበትም፣ «ይዘዙ» አላልኩም። «ይቺን ዛሬ አልሸጥናትም» ብቻ ነው ያልኩት። እንደዚህ የተላለፈ ነገር ኖሮኝ አያውቅም። እኔ ግን ከዚያ በላይ ደስ ያለኝ አባዬ ስልኬን ተቀብሎ አራት ጊዜ ማየቱ ነው።

ነሐሴ 1

ከባድ ቀን። አንድ ትልቅ ሆቴል ጻፈልኝ። እስከ ፍልሰታ ፍቺ ድረስ በየቀኑ 30 ኪሎ ነጭ አሳ ይፈልጋል፣ እንቁላል የያዘው ይመረጣል ብሏል። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የአባቶች ነው፣ እኔ አልገባበትም። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው።

ነጭ አሳ የምንለው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት። ሌላ አገር የሉም። ከጢስ አባይ ፏፏቴ በታች ያለው አሳ ወደ ላይ መውጣት ስለማይችል፣ እነዚህ እዚሁ ተዘግተው እዚሁ ነው የተለያዩት። አንዱ ሌላውን አሳ ይበላል፣ ሌላው ቀንድ አውጣ፣ ሌላው የውሃ ሣር። ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል አባይ ይወጣሉ፣ እንቁላላቸውን ጠጠር ላይ ሊጥሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ጀልባ ይሞላል። ሆቴሉ የሚፈልገው ያንን ነው።

አባዬ ትእዛዙን ሲሰማ ዓይኑ በራ። እውነቱን እጽፋለሁ። የአዲስ መረብ ዋጋ ይወጣው ነበር። እኔ አይሆንም አልኩ። «አንቺ ነሽ ውሃው ላይ የምታድሪው?» አለኝ። ዝም አልኩ። ትክክል ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ነሐሴ 3

ሁለት ቀን በደንብ አልተነጋገርንም። ማታ ቡና ሳፈላ ራሱ ጀመረ። ልጅ ሳለ በደንገል ታንኳ ነበር የሚሠሩት። በ1978 ዓ.ም ገደማ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ መጣ። «ያን ጊዜ ጉማራ አፍ ላይ ውሃው በአሳ ጀርባ ይፈላ ነበር። እጅሽን ብትከቺ ይነካሽ ነበር» አለኝ።

እኔም ያነበብኩትን ነገርኩት። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ እየጣሉ ባነጻጸሩት መረብ፣ የነጭ አሳው መጠን በክብደት 75 በመቶ ቀንሶ አገኙት። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው።

ሲኒውን አስቀመጠ። «እኔ ያለ ቁጥርም አውቀዋለሁ» አለ። ከዚያ ቆይቶ፣ «ለሆቴሉ ቀረሶ እንሰጣለን በያቸው። ካልፈለጉ ይቅር።»

አልፈለጉም።

ነሐሴ 5

«እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነጭ አሳ ከእኛ ዘንድ አታገኙም» ብዬ ለጠፍኩ። ምክንያቱን «እንደሚከተለው» እያልኩ ሳይሆን እንደምናገረው ጻፍኩት፣ ወንዝ አፍ ላይ ስለሚሆነው ነገር። የአባዬን «ይፈላ ነበር» የሚለውን ቃል አስፈቅጄ አስገባሁት። ማንንም አልወቀስኩም። እዚያ መረብ የሚዘረጋ ሰው ልጆች አሉት፣ አውቃለሁ።

31 ሰው ለቆ ወጣ። አንዱ «አሳ ነጋዴ ነሽ ወይስ ሰባኪ?» አለኝ። አመመኝ። ቀኑን ሙሉ ስልኩን እያየሁ ዋልኩ።

ነሐሴ 24

ገቢያችን በዚህ ወር ቀንሷል፣ አልደብቅም። ቀረሶና አምባዛ ብቻ ነው። ግን አዲስ የሚያዝዙት ሰዎች ጥያቄያቸው ተቀይሯል። ቀድሞ «ስንት ነው?» ነበር። አሁን «አባትሽ ዛሬ ወጣ?» ይላሉ። ሽንብጥ ሰፈር ያለች አንዲት ደንበኛዬ ልጆቿን ይዛ ጠዋት መጥታ ጀልባው ሲገባ አሳየቻቸው። ትንሹ ልጅ አባዬን «አፏ ውስጥ ልጅ ያላት አሳ የታለች?» ብሎ ጠየቀው። አባዬ ከውሃው ጋር ሲነጋገር እንጂ ከሰው ልጅ ጋር ይህን ያህል ሲያወራ አይቼው አላውቅም።

መስከረም 16

ዛሬ ማታ ደመራውን አይተን ገባን። አባዬ መረቡን ይዞ ተቀመጠ፣ እኔ ስልኬን። የነገውን ጽሑፍ አነበብኩለት። ነጭ አሳው እስካሁን ወንዝ ውስጥ መሆኑን፣ ውሃው ሲጎድል እንደሚመጣ የሚናገር ነው።

እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ማን ጻፈው አላለኝም።

«'ወደ ወንዝ ይሰደዳል' አትበይ» አለኝ። «'ይወጣል' በይ። ሊወልድ ነው የሚሄደው፣ ይመለሳል።»

አጥፍቼ «ይወጣል» ብዬ ጻፍኩና ላክሁት። ለነገ 14 ትእዛዝ አለ፣ 9 ቀረሶ፣ 5 አምባዛ። በረዶው ገና አልተዘጋጀም።